የነገርከው መስሎኝ

ኅዳር 4

ዛሬም በቁም ስብሰባ ተጀመረ። አጃይል በሚሉት አሠራር ነው የምንሠራው እኮ... ቁጭ ብሎ መነጋገር ለሰነፍ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ፊት በግማሽ ክብ እንቆማለን። ሁሉም በየተራው ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደቸገረው ይናገራል። የመጨረሻዋን ጥያቄ በእውነት የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። «ችግር የለም»፣ «ችግር የለም»... ሲዞር ሲዞር ይመጣና እኔ ጋ ሲደርስ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ፊቱን ያጨማድዳል። ምን ላድርግ? ሥራዬ የሰው ስህተት መልቀም ነው። እነሱ ይሠራሉ፣ እኔ እሞክራለሁ፣ የተበላሸውን አወጣለሁ። ሻይ የሚጋብዘኝ የጠፋውም ለዚህ ነው።

ሽማግሌው የቡድናችን መሪ ነው። አርባ አልሞላውም፣ ሽበትም የለውም። የተጣላ ማስታረቅ፣ የተቆጣ ማብረድ ስለሚወድ ባለቀለሟ ያወጣችለት ስም ነው። እሷ ደግሞ የስክሪኑን መልክ የምትሠራዋ ናት። ለሁሉም ስም ታወጣለች። የእኔን ግን እስካሁን በፊቴ ብላው አታውቅም።

የያዝነው ሥራ ለውሃ ቆጣሪ አንባቢዎች የሚሆን የስልክ ፕሮግራም ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያነቡትን ከእንግዲህ በወረቀት ሳይሆን በስልክ እንዲመዘግቡ። ቆጣሪው ያለው ደግሞ ምድር ቤት፣ ደረጃ ሥር፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ... ኔትዎርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስልኩ ያነበበውን ይዞ ቆይቶ፣ ሰውዬው ወደ ላይ ሲወጣ የሚልክበት ክፍል ያስፈልጋል። እሱን የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ሚስቱ ሩቅ ከተማ ስለምትሠራ እሱም እዚያው ሆኖ ነው የሚሠራው። ድምፁ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ባለች ስፒከር ይመጣል። «ስፒከሩ» ይሉታል። ለእኔ ትንሹ ነው። ለሥራው የጠቆምኩትም እኔ ነኝ። ኮንትራቱ ጥር ላይ ያልቃል። ሽማግሌው «ይቺን ክፍል ካሳመርካት ቋሚ ነህ» ብሎታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልጁ እንቅልፍም የለው።

ኅዳር 5

ስፒከሯ ተበላሸች። ትንሹ «ይሰማል?» እኛ «ይሰማል!» እሱ «ይሰማል ወይ?»... ግማሹ ስብሰባ በዚህ አለቀ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ችግር የለም ነበር።

ኅዳር 12

የደንበኛው ተወካይ መጣች። ወይዘሮዋ። ጥሩ ሴት ናት፣ ነገር አታስረዝምም። ቆጣሪዎቹን ሁሉ ከቤት ውስጥ አውጥተው ደጅ፣ አጥሩ ላይ ሊተክሉ ወስነዋል። ደጅ ኔትዎርክ አለ። «እንግዲህ ያቺ ያለ ኔትዎርክ ያላችኋት ክፍል አታስፈልገንም፣ ተዉአት» አለች። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

ሽማግሌው ክፍሏ የተጻፈባትን ካርድ ከሰሌዳው ላይ ነቀላት። ቀስ ብሎ... ቁስል ላይ ያለ ፕላስተር ነው የሚመስለው። ትንሹ ሰሌዳውን አያየውም። የዛሬው ስብሰባ ላይም በስፒከሯ አልነበረም።

«እኔ ልንገረው» አልኩ።

«ተይ የኔ እህት፣ ሥራና ዘመድ አይደባለቅም። ካንቺ ሲሰማው ያመዋል። እኔ በዘዴ እነግረዋለሁ።»

ባለቀለሟም «እውነቱን ነው፣ መርዶ ከቤተሰብ አይሰማም» አለች። ሁላችንም ቀለል አለን። መርዶ ነጋሪ ተገኘ... አንድ ክፍል ቢቀር ኮንትራቱ የግድ ይቀራል ማለት አይደለም፣ ሌላ ክፍል ይሰጡታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይሰጡት ይሆን?

ኅዳር 14

ሽማግሌውን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ነገርከው?»

«አነጋገርኩት። ረጅም ሰዓት። በጣም ጨዋ ልጅ ነው ወንድምሽ።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ተቀበለው። እየሠራ ያለውን ይጨርስና ምናልባት ለሌላ ደንበኛ ይሆነናል። አንቺም የሱን ክፍል መፈተኑን ለጊዜው ተይው።»

ደስ አለኝ። ደስ ማለት እንኳ አይደለም... ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ። ጨዋ ልጅ ነው አለ። የእማዬ አስተዳደግ።

ኅዳር 15

ለትንሹ ደወልኩ። ነገሩን አንስቼ ልቡን መስበር አልፈለግሁም። ራሱ ካነሳው እንነጋገራለን ብዬ።

«እንዴት ነህ?»

«አለሁ እህትዓለም። እየታገልኩ ነው።»

«አይዞህ እሺ።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም ነዋ።»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ሰው የሞተብኝ አስመሰልሽው።» ከዚያ ስለ እማዬ ጉልበት ተጨዋወትን። ሳቁ የጤና ነው። ወይስ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው? ኩሩ ነው፣ ሲወድቅም ጉልበቱን አራግፎ «አልወደቅሁም» የሚል ልጅ ነበር። አልነካካሁትም። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 25

የቁም ስብሰባ። ስፒከሯ «ትናንት ያለ ኔትዎርኩን ስሠራ ዋልኩ፣ ዛሬም እሱኑ ነው፣ ችግር የለም» አለች። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ባለቀለሟ ጥፍሯን ታያለች። ሽማግሌው «በርታ ወንድምዓለም!» አለው፤ ሞቅ አድርጎ።

ለሌላ ደንበኛ ነው እንግዲህ የሚሠራው። ግን የቱ ሌላ ደንበኛ? አልጠየቅሁም። ደግሞ ፊቱን ያጨማድድብኝ?

ታኅሣሥ 3

ትንሹ ራሱ ደወለ። እዚያ ከተማ ያለ ኮሌጅ ኮምፒውተር እንዲያስተምር ጠርቶታል። ቋሚ ሥራ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ስጠን ብለዋል።

«ምን ትያለሽ? ልቀበል?»

ምን ልበል? ሁሉን ያውቃል ብዬ አስባለሁ እኮ። ካርዱ መነቀሉን እያወቀ ከእኛ ጋር መሆን ከፈለገ፣ የሆነ ነገር ቃል ተገብቶለታል ማለት ነው። ሂድ ብለው «አልፈለገችኝም» ይላል። ቅር ብለው ኋላ ላይ እኔው ተወቃሽ።

«አንተ እንደመሰለህ አድርግ። ሁኔታውን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። ድምፁ ፈካ። «እዚህም ጥሩ ላይ ነኝ። እንቢ ልላቸው ነው።»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይሉ የለ? ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ሰው አላምን ያለች አስመሰለኝና ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 9

ለኮሌጁ እንቢ ብሏል። እማዬ ነገረችኝ። «ቋሚ ሊያደርጉት ነው አሉ፣ እሰይ» ትላለች። ማን አለ? እሱ ነዋ። ታዲያ እሱ ካለ... እሱ ያውቃል።

ታኅሣሥ 21

ሽማግሌውን በምሳ ሰዓት ጠየቅሁት፣ የትንሹ ኮንትራት እንዴት ነው ብዬ። «እሱ ነገር... እናያለን፣ እግዜር ያውቃል፣ በጎ በጎውን እናስብ» አለኝና ስለ ራሱ ሕፃን ልጅ ጥርስ ማብቀል አወራኝ። ከሰውዬው አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ እንደ ጥጥ ነው። ይሞላል፣ አይከብድም።

ጥር 6

እንደምንም ልጻፈው።

ዛሬ የዙሩ መዝጊያ ነበር፣ የሠራነውን ለደንበኛው የምናሳይበት። ወይዘሮዋ አለቃዋን ይዛ መጣች። ሁለት ቆጣሪ አንባቢዎችም አብረው። ልንጀምር ስንል በሩ ተንኳኳ። ትንሹ! ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ። ትናንት በአውቶቡስ ገብቶ እማዬ ጋ አድሮ ነው የመጣው። ባለቀለሟ «ስፒከሩ ሰው ሆኖ መጣ!» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ሳቀ፣ አቀፍኩት። ጆሮዬ ላይ «ስንጨርስ እንዳትሄጂብኝ፣ አብረን እንውጣ» አለኝ። እንዴት ደስ ብሎት ነበር።

ሽማግሌው አሳየ፣ ባለቀለሟ አሳየች፣ አለቃው ራሱን እየነቀነቀ ወደደ። ሊያበቃ ሲል ትንሹ ተነሳ። «የእኔም አለች» አለ።

ያኔ ገባኝ። ገና ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ። ሽማግሌውን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ትንሹ ኔትዎርኩን አጠፋ። ቁጥር መዘገበ። ስልኩን ጭራሽ አጠፋው፣ አበራው፤ የመዘገበው አለ። ኔትዎርኩን ሲከፍት፣ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ብቅ አለ። እንከን የለውም። ስንት ዓመት ስህተት ስለቅም እንዲህ ያለ የጸዳ ሥራ አላየሁም። ከአንባቢዎቹ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ።

ወይዘሮዋ ግራ ገብቷት ወደ አለቃዋ ዞረች። ከዚያ፣ በትሕትና፣ «ይቅርታ... ይሄንን ኅዳር ላይ ትተነው የለም እንዴ?» አለች።

ትንሹ መጀመሪያ ሳቀ። የምትቀልድ መስሎት። ሳቁን እንደያዘ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ወረቀቱን ያገላብጣል። ወደ ባለቀለሟ ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። መሬቱን አየሁ፣ እንደዚያ ቀን።

«ገባኝ» አለ። «ይቅርታ፣ ጊዜያችሁን ወሰድኩ።» የስልኩን ሽቦ ጠቅልሎ በሥርዓት ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ያ ጥቅለላ... መቼም የሚያልቅ አልመሰለኝም።

ኮሪደር ላይ ደረስኩበት።

«ታውቂ ነበር?»

«የነገረህ መስሎኝ...»

«አይዞህ ስትዪኝ ለምኑ አላልኩሽም? ኮሌጁ ሲጠራኝ አልጠየቅሁሽም? የሰው ሥራ ላይ ያለች ቅንጣት ጉድለት ሁሉ ትታይሻለች። ወንድምሽ ገደል ሲገባ አልታየሽም?»

«ትንሹ፣ ስማኝ...»

«ተይኝ እህትዓለም። ተይኝ በቃ።»

በደረጃው ወረደ። ሊፍቱን እንኳ አልጠበቀም።

ጥር 7

ጠዋት ሽማግሌውን ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ምን ብለህ ነው የነገርከው? ቃል በቃል ንገረኝ።»

ላቡ ወረደ። «ደንበኛው አንዳንድ ለውጥ እያሰበ ነው፣ ሥራችን ሊነካ ይችላል፣ አንተ ግን ልብህ አይሸበር፣ የያዝከውን በርትተህ ቀጥል... ብዬዋለሁ። ይገባዋል ብዬ እኮ ነው። ብልህ ልጅ ነው። ትናንትም ሊሰናበተን የመጣ መስሎኝ።»

«ይሄ መንገር ነው?»

«በስልክ እንዴት ልቡን ልስበረው? ደግሞ... አንቺ እህቱ አይደለሽ? የቀረውን አንቺ የሞላሽው መስሎኝ።»

እንድሞላ ማን ፈቀደልኝ? ሥራና ዘመድ አይደባለቅም ያለው ማን ነው? ጮህኩበት። ከሰውዬው ጋር ስሠራ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ እንኳ አልተቆጣም፣ ውሃ ቀዳልኝ። እንደሱ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ባለቀለሟ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆማ ኖሯል። «እኔ የተነጋገራችሁ መስሎኝ...» አለች። መስሎኝ፣ መስሎኝ፣ መስሎኝ። አንድ ቡድን ሙሉ ሰው ሲመስለው ከረመ።

ትንሹ ስልክ አያነሳም።

ጥር 9

የግምገማ ስብሰባ። ዙር ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየት ደንብ ነው። ሰሌዳው በሦስት ተከፈለ፦ ጥሩ የሄደ፣ ያልሄደ፣ የተማርነው። ለእያንዳንዳችን ቢጫ ወረቀት ታደለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ማንንም ለመውቀስ አይደለም» አለ ሽማግሌው። እንደ ጸሎት ነው የሚላት። ባለቀለሟ «ቀለሙ ተወዷል» ብላ ለጠፈች። ሌላው «ሻይ ይሻሻል» አለ፣ ተሳቀ። ሽማግሌው ራሱ «የተማርነው» ሥር «ግንኙነት ይጠናከር» ብሎ ለጠፈ፣ ባማረ ጽሕፈት።

እኔ «ያልሄደ» ሥር «ወንድሜ» ብዬ ለጠፍኩ። ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

ሽማግሌው አየው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ይሄ እንግዲህ... የግል ነገር ስለሆነ፣ በኋላ ለብቻችን» ብሎ ነቀለው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍን።

ተማርን እንግዲህ። ተመዝግቧል።

ጥር 14

እማዬ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ከእሱ ሰምታዋለች፣ ግን አልወቀሰችኝም። ይሄ ነው የገደለኝ። «ወንድምሽ ነው፣ ይበርዳል» ትላለች። «እሱ እኮ አሁን...» ብላ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«እማዬ፣ ስሙን እንዳታነሺብኝ። በፈጠረሽ። ሲበርድለት ራሱ ይደውልልኛል።»

«እሱን ብቻ ልንገርሽና...»

«አትንገሪኝ!»

ተወችው። ቃሌን የምታከብር እናት ናት። ንዴት መስሏት ይሆናል። ንዴት አይደለም፤ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሽቦ ስትጠቀለል ነው የምትታየኝ።

ጥር 30

የትንሹ ኮንትራት አልታደሰም። «በመልካም ምኞት» የሚል መልእክት ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። አምስት አውራ ጣት፣ አንድ አበባ። ኮሌጁም ሌላ ሰው ቀጥሯል አሉ።

የካቲት 17

ዛሬ አንድ ስህተት አገኘሁ። ትልቅ። በቁም ስብሰባው ተራዬ ሲደርስ ሁሉም አዩኝ።

«ችግር የለም» አልኩ። ሽማግሌው ፈገግ አለ። ስህተቱን ጽፌ ለሚመለከተው ሰው ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ ነገርኩት፣ ደረቅ አድርጌ፣ ከነማስረጃው። ተቀየመኝ። ይቀየም። ቢያንስ ያውቃል።

መጋቢት 11

ለትንሹ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው፣ ላንተ ያሰብኩ መስሎኝ... «መስሎኝ» የምትለዋ ላይ ስደርስ አጠፋሁት። «ይቅርታ» ብቻ ላክሁ። አንብቦታል። መልስ የለም።

ሚያዝያ 20

ደወልኩ። ሚስቱ አነሳች። «ተኝቷል» አለች፣ በትሕትና። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንኳ ሳልጠይቃት ዘጋሁት። ቸኩዬ... ከማፈሬ የተነሳ።

ግንቦት 2

እሑድ። ብርቱካን ገዝቼ እማዬ ጋ ሄድኩ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ስልኳም አይሠራም። ጎረቤቷ ልብስ ስታሰጣ አየችኝ።

«እናትሽማ ወንድምሽ ጋ ገሠገሠች! ትናንት በማለዳ።»

ደነገጥኩ። «ምነው? ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ ትላለች እንዴ! ምራቷ ተገላግላ ነዋ!» መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች፣ ትኩር ብላ አየችኝ። «አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት፣ ሳላስብ። የገዛ እህቱ አልሰማችም እንዳትል።

«እኔማ ጥር ላይ እዚህ ያደረ ለት ነው ማርገዟን የሰማሁ። እናትሽ እልል ልትል ስትል አፏን አልያዛት መሰለሽ! "እህቴ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ፤ ነገ ከሥራ ስንወጣ እኔው በአፌ ነው የምነግራት" ብሎ። አይ የሱ ነገር! ታዲያ ሲነግርሽ ምን አልሽው?»

ስንጨርስ እንዳትሄጂብኝ ያለኝ... ለዚህ ነበር። እማዬም እሱን ብቻ ልንገርሽ ስትለኝ ይሄንኑ ኖሯል። እኔ ነኝ አትንገሪኝ ያልኩ።

«ደስ አለኝ» አልኳት።

«እንዴታ!»

ብርቱካኑን ለእሷ ሰጥቻት ወጣሁ። ይኸው ማታ ሆኗል፣ እማዬም አልደወለችም። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። ሴትዮዋን እንዳልጠይቃት፣ ሰምቻለሁ ብያለሁ።